አራት ስንጣሪ ቀርከሃ

ሰኞ

ቤዛ ሄደች። ዳይሷንም ይዛት ሄደች! ጨዋታውን አንች ምሪው ስትለኝ ዳይሷን ትታልኝ እምትሄድ መስሎኝ እሽ አልሁ፣ አሁን ምን ላርግ።

ቤዛ ጎረቤቴ ናት፣ የዩኒቨርስቲ ተማሪ፣ ለወር ልምምድ ጫግኒ መድበዋት ዛሬ በጠዋት ሚኒባስ ገባች። ጨዋታውን ያመጣችው እሷ ናት። አንዱ መሪ ይሆንና ተረት ያወራል፣ ሌሎቹ ተረቱ ውስጥ ሰው ይሆናሉ፣ «እንዲህ አረጋለሁ» ይላሉ፣ ይሳካ አይሳካ ዳይሷ ናት እምትፈርደው፣ ብዙ ፊት ያላት፣ ቁጥር የተጻፈባት ጠጠር። እስካሁን ቤዛ ትመራ ነበር፣ እኔ፣ ሙሉና ጌትነት እንጫወታለን። ሙሉ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጌትነት ባጃጅ ይነዳል።

የሕጉ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁ፣ ያውም ተነሽና አንብቢ ሲሉኝ እየተንቀጠቀጥሁ። ረቡዕ ሁለት ሰው ፊቴ ተቀምጦ አፍ አፌን ሊያየኝ ነው። ባይመጡ ደስ ይለኛል። ባይመጡ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከማን ጋር ነው እማወራው።

ማክሰኞ

ዳይስ ሠራሁ!

እምሠራው ጋሽ አያሌው የቀርከሃ ቤት ነው፣ ዱካና መደርደሪያ እምንሠራበት፣ መሬቱ ሁሉ ስንጣሪ ነው። ጣት ጣት እሚያካክሉ አራት ስንጣሪ እኩል አርጌ ቆረጥሁ። አንዱ ጎናቸው ጎድጎድ ያለ ነው፣ እሱን ሆድ አልሁት፣ ለስላሳውን ጀርባ። ወርውሬ ሆዳቸውን ያሳዩትን መቁጠር ነው፣ ከዜሮ እስከ አራት። አለቀ።

ግን አንድ ነገር አየሁ። ምሳ ሰዓት ስጥል ስጥል፣ በከሰል ሳንቃ ላይ እየጫርሁ፣ ሁለት ነው እሚበዛው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። እንዴ፣ ማን አዘዛቸው? ጋሽ አያሌው አዩኝና «ምንድን ነው እሱ፣ ጠጠር ጣይ ልትሆኝ ነው?» አሉኝ፣ አፍሬ በቀሚሴ ሸፈንሁት።

እሳቸው ዘወር ሲሉ ደርድሬ አየሁት። ዜሮ እሚሆነው አራቱም በጀርባቸው ሲገኙ ብቻ ነው፣ አንድ መልክ። ሁለት ግን ይሄኛውና ያኛው፣ ይሄኛውና የዳሩ፣ እያለ እያለ ስድስት መልክ አለው። ስድስት! ደግሜ ቆጠርሁት። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ለሰው ልንገር ብል ምን ብዬ።

ረቡዕ

መጡ። በዚያ ሁሉ ጭቃ፣ በዚያ ዝናብ።

ተረቱ ንብ ወደጠፋበት አገር ቀፎ ከነንቡ ስለሚያደርሱ ሰዎች ነው። አበባው ሞልቷል፣ ንብ የለም። ሙሉ በፈረስ ናት፣ ዳማ ፈረስ፣ ጌትነት በእግሩ። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣ አለኝ፣ ጌትነት «ፈንትሽ፣ ድምፅ ጨምሪ፣ ባጃጅ ውስጥ ነን እንዴ» ሲል ሳቅሁና ወጣልኝ።

ወንዝ ልሻገር ሲል ሁለት። ፈረሱን ላረጋጋ ስትል ሁለት። ሽማግሌውን እንጠይቅ ሲሉ ሁለት። ሁለት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አላሰብሁበትም ነበር፣ «ምንም አልሆነም» እያልሁ አለፍሁ። ጌትነት ተነሳብኝ፣ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ? ሁሉም ነገር መሃል መሃል!»

ከዚያ ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ፣ ሁለት ማለት «ይሆናል፣ ግን» ማለት ነው አልሁ። እምትፈልገውን ታገኛለህ፣ ግን ሌላ ነገር ያስከፍልሃል። ጌትነት ወንዙን ተሻገረ፣ ግን ወንዙ ጫማውን ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ቀፎውም ንቡም ተረሳ፣ ጫማዬን ጫማዬን ሆነ! ሙሉ እየሳቀች በአገውኛ ስትሰድበው ሰማኋት። ነገም እንምጣ አሉ። ራሳቸው ናቸው ያሉት።

ሐሙስ

ምን አረግሁ። ምን አረግሁ።

ሦስትና አራት ከመጣ ይሳካል፣ አንድ ከመጣ አይሳካም፣ ዜሮ ከመጣ እማይመለስ ነገር ታጣለህ ብያቸው ነበር። ረግረግ ላይ ደረሱ። ሙሉ በዳማው ጥሼ እወጣለሁ አለች። እኔ ነበርሁ ጣይዋ። ጣልሁ። አራቱም ጀርባ።

ሙሉ ያንን ፈረስ እንዴት እንደምትወደው አውቃለሁ። ሣር ሰጠሁት፣ ውሃ አጠጣሁት እያለች ነው እምትጫወተው። እጄ ራሱ ሄዶ ነጠላዬን ጣል አረገበትና «አንድ» አልሁ።

ጌትነት አይቷል። «ዜሮ ነው! ዋሸሽ!» ነጠላውን አነሳው። እኔ እንባዬ መጣ፣ ፈረሱ አሳዝኖኝ ነው አልሁ። ሙሉ ትስቃለች ብዬ፣ አልሳቀችም። «ለእኔ አዝነሽ ነው? ልጅ መሰልሁሽ?» አለች፣ ተነስታ ወጣች፣ ጃንጥላዋን ረስታ። ጌትነትም «ከዚህ በኋላ ቢጣል ምን ዋጋ አለው፣ አንች የወደድሽው ነው እሚሆነው» ብሎ ሄደ።

እኔ እኮ ለመልካም ነው። ለመልካም ነበር።

አርብ

ቤዛ ጋ ደወልሁ፣ ኔትወርክ የለም።

ሥራ ላይ ልቤ እዚያ ሆኖ የዱካ እግር አሳጥሬ ቆረጥሁ። አራቱንም! ጋሽ አያሌው ሲመጡ ፈጠን ብዬ «ጋሼ፣ አጭር ዱካ ይሁና፣ ለሕፃን ይሆናል» አልኋቸው። አዩኝ፣ አዩኝና «አጭር ዱካ መሥራት ነውር የለውም። ግን አጭር ነው ብለሽ ቁረጪ እንጅ፣ ቆርጠሽ አጭር ነው አትበይኝ» አሉ።

እሳቸው ስለ ዱካው ነው ያወሩት። እኔ ግን ያቺን ነጠላ ነበር ያየሁ።

ቅዳሜ

ጃንጥላዋን ይዤ ሄድሁ። ገበያ ስለሆነ ሙሉ በረንዳው ላይ ማሽኗን እየመታች ነው፣ አንድ አባት ሱሪያቸውን ለማሳጠር ቆመው ይጠብቃሉ። ሰላም አላለችኝም። መንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ።

«ሙሉዬ፣ ዳማው ሞቷል» አልሁ።

አባትየው ደነገጡ። «ወየው፣ የማን ፈረስ?»

«የእሷ» አልሁ፣ ምን ልበል።

«ምን አግኝቶት?»

«ረግረግ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ ፈረስ እኮ ሰው ማለት ነው» አሏት። ሙሉ ማሽኑን አቆመች። ቀና ብላ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ «አሜን፣ ያኑርልኝ አባባ» አለች። በእውነት ነው ያለችው፣ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። እሳቸው ሱሪያቸውን ይዘው ሲሄዱ ግን ሁለታችንም ጨርቅ አፋችን ውስጥ ከተን ሳቅን።

ከዚያ «ስሚ» አለችኝ፣ «ከእንግዲህ ሳይጣል ንገሪን። ዜሮ ቢመጣ ይሄ፣ አንድ ቢመጣ ይሄ። ከፈለግሁ እጥላለሁ፣ ካልፈለግሁ እተወዋለሁ። እምጥለውም ራሴ ነኝ።» እሽ አልሁ። እኔም ይሄንኑ ልላት ነበር የመጣሁት፣ ቀደመችኝ።

እሁድ

ከምሳ በኋላ መጡ፣ ሙሉ ጌትነትንም ይዛው። ጌትነት ገና ከበሩ «ዳኛዋን ፈትሿት፣ ነጠላ እንዳትይዝ!» ነጠላዬን በር ላይ ሰቀልሁት።

ሙሉ አሁን በእግሯ ናት፣ ቀፎውን ተሸክማ። ገደል ላይ ገመድ ተዘርግቷል። ፈራሁ፣ ግን ሳትጥል ነገርኋት። «ዜሮ ከመጣ ገደል ትገቢያለሽ፣ ሞትሽ ማለት ነው። አንድ ከመጣ ቀፎው ይወድቃል፣ አንች ትተርፊያለሽ። ሁለት ከመጣ ትሻገሪያለሽ፣ ግን ንቦቹ ይነድፉሻል።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። ሦስት ቀን ነው። ንቦቹ እስከዚያ በሕይወት አይቆዩም።»

ስንጣሪዎቹን እጇ ውስጥ ይዛ ቆየች። ጣለች። ጀርባ። ጀርባ። ጀርባ። አራተኛው ተንከባሎ ሄደና የአልጋው እግር ላይ ተደግፎ ቆመ፣ ቀጥ ብሎ። ሆድም አይደለ፣ ጀርባም አይደለ። ሆድ ቢሆን አንድ ነው፣ ትተርፋለች፣ ጀርባ ቢሆን ዜሮ።

ጌትነት ተንበርክኮ አንገቱን አጣሞ «ወደ ሆድ ያዘነብላል» አለ። ከዚያ ሲያስብበት «ይደገም» አለ። ሙሉ አይደገምም፣ የጣልሁትን ጥያለሁ አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ቆሞ ቢቀር ምን እንደሚሆን አልተናገርሁም ነበር። አሁን ብናገር ደግሞ ከተጣለ በኋላ ሕግ ማውጣት ነው። እንደ ድሮው ቢሆን ተርፈሻል ብዬ እገላገል ነበር።

«አላውቅም» አልሁ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

እስኪመሽ ተከራከሩ። ሙሉ ቆሎ እየቆረጠመች «እስክንስማማ ሞቻለሁ ወይስ አልሞትሁም? እራት ልብላ አልብላ?» ትላለች። ጌትነት በስልኩ ፎቶ አነሳው፣ ማስረጃ ነው ብሎ። አልተስማሙም፣ ሳይስማሙ ሄዱ፣ አጥሩን ከወጡ በኋላም ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

እኔም መልሱን አላውቀው። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይለኛል። ስንጣሪው እዚያው ቆሟል። ቤቱን ስጠርግ በዙሪያው ነው የጠረግሁ፣ በሩንም ቀስ ብዬ ዘጋሁት።