በዝናብ ቀን የተረጨ ቫርኒሽ

ለእታለሜ ለሞሪን፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ፐርዝ ድረስ ይድረስልኝ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይስ ዛሬም ሶፋው ላይ ነው የምታድሪው? ኪትስ እንዴት ነው? የደም ግፊቱ ነገር ቢራውን አስተወው ወይስ ቢራው ሐኪሙን አስተወው? ጄማስ፣ ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኛ በመኖር በኩል ደህና ነን። ዝናቡ ግን ከሴፕቴምበር ወዲህ ይኸው እንደተደፋ ነው። የዝናቡን ነገር የማነሳው ወሬ አጥቼ አይደለም፤ ቆይተሽ ትደርሽበታለሽ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። እንግዲህ በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ብትሰድቢኝ አልቀየምም።

መቼም እኔ ከአውቶቡስ መሪ ስነሳ የምቀመጠው ከቀለም ብሩሽ ጋር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አውራ ጣት የማያክሉ የፕላስቲክ ምስሎችን፣ የጠፈር ወታደሮችንና ካባ ለባሽ ጀግኖችን ቀለም ስቀባ ኖርኩ። አንቺ እንኳ «ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንተ ፕላስቲክ ታሳድጋለህ» እያልሽ ስታሾፊብኝ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ መጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ በሚሰበሰበው ማኅበራችን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌሎቹ ምስሎቻቸውን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ለሚጫወቱት ውጊያ ይጣደፋሉ፤ የእኔ ምስሎች ከሳጥን ሲወጡ ግን ውጊያው ይቆም ነበር። የዓመቱን የቀለም ውድድር ዋንጫ ሰባት ጊዜ ወስጃለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ለመኩራራት ነው፤ ሌላ የምኮራበት ብዙ የለኝም።

ሎሬን ደግሞ ሠላሳ ዓመት ዳንቴል ፋብሪካ ተቀምጣ፣ ማሽኑ የሳተውን ክር በመርፌ ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። ሚስቴ ሆና የእኔን ሥራ «አሻንጉሊቶችህ» ከማለት በቀር ዞር ብላ አይታው አታውቅም። ባለፈው ፌብሩዋሪ በረዶ አዳልጦኝ እጄን ወለም ሲለኝ «እስቲ ይቺን አንዷን መሠረት ቀለም ብቻ ቀቢልኝ» አልኳት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንዷን ቀባች፤ ሌላም ልቀባ አለች። ቀለም በውሃ ማቅጠኑን፣ ጥላውን እጥፋቱ ውስጥ ማስገባቱን፣ የብሩሹን ጫፍ በከንፈር ማሾሉን ሁሉ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እስከ ጁን ድረስ አስተማሪዋ ነበርኩ። ጁላይ ላይ «የዚህን ቆዳ ቀለም እንዴት አመጣሽው?» ብዬ ስጠይቃት ራሴን ሰማሁት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም።

ዘንድሮ እሷም ለውድድሩ ገባች፤ የመረጠችው የምትበር ጀግና ሴት ናት፤ ቀይ ካባ ለብሳ የተሰበረ ድልድይ በሁለት እጇ የተሸከመች። እኛ ሁላችን እንዲህ ያለ ፊት ሲደርሰን ቁጣና የተነከሰ ጥርስ ነው የምንቀባው። ሎሬን ድካም ቀባችባት። ከዓይኗ ሥር ትንሽ ሐምራዊ ጥላ ጣል አድርጋ፣ ከሌሊት ፈረቃ የምትመለስ ሠራተኛ አስመሰለቻት። ፊቷ እኮ የምስር ፍሬ አያክልም፣ እታለም። አይቼ አንጀቴ አረረ። የገዛ ሚስቴ ሥራ አማረ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ይህን እኔ ለምን አላሰብኩትም ብዬ ተቃጠልኩ።

ማኅበሩ ዘንድ ይዛት ስትመጣማ ባሰ። ኒጄል የሚባል አፈኛ ቧንቧ ሠራተኛ አለን፤ ማጉያ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አያትና «ትሬቨር፣ እንግዲህ አንተ ብሩሽ እጠብላት እንጂ ሌላ ሥራ የለህም» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሊቀ መንበራችን ዴዝመንድ ደግሞ፣ ለወትሮው «ጌታው» የሚለኝ ሰውዬ፣ የመስኮቱን ዳር ወንበር እየሳበ «ወይዘሮ ሎሬን እዚህ ይቀመጡ፣ እዚህ ብርሃን አለ» አላት። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው። ቤት ስንገባ የምወደውን አተር በናና ሠርታ አቀረበችልኝ፤ ሆዴን አሞኛል ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ዝናቡ መጣሁ። ምስል ተቀብቶ ሲያልቅ ቀለሙ እንዳይላጥ ቫርኒሽ ከጣሳ ይረጭበታል። በእኛ ዘንድ ጀማሪ እንኳ የማይስተው አንድ ሕግ አለ፤ እርጥበት ባለበት ቀን አይረጭም። ከተረጨ ቫርኒሹ ይነጣና ሥራው ሁሉ ጉም ለብሶ ይቀራል። ሽታው የሎሬንን ደረት ስለሚይዛት የሁለታችንንም የምረጨው እኔ ነኝ። ውድድሩ ሲቃረብ አንድ ረቡዕ ፀሐይ ብልጭ ስትል የራሴን ረጨሁ። የእሷን ረሳሁት። በእርግጥ ረስቼው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ግን አልረሳሁም። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤ እኔ ጓሮ ባለው ዕቃ ቤት በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጣሳውን ይዤ፣ ድልድይ ከተሸከመችው ሴት ፊት ቆሜአለሁ። «አንድ ጊዜ ቢረጭ ምንም አይል ይሆናል» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ለራሴ ከምረጨው እጥፍ አድርጌ ረጨሁት። ንጣቱ ከካባው ጫፍ ጀመረ፤ ፊቷ ድረስ እስኪወጣ ቆሜ አየሁት።

ማድ ቤት ይዤያት ገባሁና «ይቅር በይኝ ሎሬን፣ እርጥበቱ አበላሸብኝ» አልኳት። ተቀብላኝ ብዙ አየቻት። ከዚያ መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እኔን። «በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን በዝናብ ረጭተህ አታውቅም» አለችኝ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ላድናት እንደምችል ልቀባጥር ስጀምር «ተወው፣ ትሬቨር» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

የውድድሩ ቀን ምስሏን እንደነጣች ይዛት ሄዳ ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት። ዴዝመንድ ደንግጦ «ምነው፣ ምን አገኛት?» ሲላት «ዝናብ» አለችው። ዋንጫው ለስምንተኛ ጊዜ የእኔ ሆነ። ሎሬን አጨበጨበች፤ ደህና አድርጋ ነው ያጨበጨበችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት በእኔ ደረሰ።

ሁለት ሳምንት ዋንጫው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመ፤ ሎሬንም አቧራውን ትወለውለዋለች። እሱ ነው የገደለኝ። ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ዋንጫውን በላስቲክ ቋጥሬ ይዤ ሄድኩ። ጨዋታው ሳይጀመር ተነሥቼ «ጎበዝ፣ ስሙኝ። የሎሬንን ሥራ ዝናብ አይደለም ያበላሸው። ቀንቼ ሆን ብዬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ዋንጫው የእሷ ነው» አልኩ። ከዚያ ዴዝመንድ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ባል ማለት እንዲህ ነው» አለ። ኒጄል ቀበል አድርጎ «ለሚስቱ ሲል የገዛ ስሙን ያጠፋል እንዴ ሰው! እኔ ለኔዋ የቴሌቪዥን መቀያየሪያ እንኳ አልለቅላትም» አለና ማጨብጨብ ጀመረ። ሁሉም ተከተለው። «ኧረ እውነቴን ነው፣ ሰዎች» ባልኩ ቁጥር ጭብጨባው ይብስ ነበር። ቢራ ጋበዙኝ። ሎሬን ሹራቤን ጎተት አድርጋ «ተቀመጥ፣ ትሬቨር» አለችኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ዋንጫው ጭኗ ላይ ነበር። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «አሁንም አሸነፍክ» አለችኝ።

ትናንት ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አዲስ ምስል ጀምራ ነበር፣ የተቀዳደደ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ የጠፈር ወታደር። ቀና ሳትል «እሺ» አለችኝ። ጉዴን ልንገርሽ እታለም፣ ይቅርታ እየጠየቅኋት እንኳ ዓይኔ ያረፈው እጇ ላይ ነበር፤ ያን ግራጫ ቀለም ከምንና ከምን እንደቀላቀለችው ለማወቅ። ቅናቱ አልለቀቀኝም።

እዚህ መንደር ሰው ሁሉ ደግ ባል እያለ ትከሻዬን ይመታኛል። አንቺ ግን ያኔ ልጅ ሳለን የአዲሱን ብስክሌትሽን ጎማ የበሳሁት እኔ እንደሆንኩ ማንም ሳይነግርሽ ያወቅሽ ነሽ። ለአንቺ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ይመነኝ።

ለኪት ሰላም በይልኝ፤ ቢራውን በልክ ያድርገው። ጄማን ሳሚልኝ፤ ባሏ አዲሱን ሥራ እንደለመደው ተስፋ አለኝ። ትልቁ ልጇ የላክሁለትን ባለ ቀንድ ሮቦት ወደደው? ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ሎሬንም ሰላም ብላሻለች እንዳልልሽ፣ እንደምጽፍልሽ አታውቅም። እሁድ ስትደውልልሽ ስለምትቀባው ሽማግሌ ጠይቂያት። እኔ ስጠይቃት «ደህና ነው» ብላ በእጇ ትከልለዋለች።

ወንድምሽ ትሬቨር
ቡልዌል፣ ኖቲንግሃም
ኖቬምበር 14 ቀን 2019