ጋሽ ደምሴ በነብር ቆዳ

ነሐሴ 12 ቀን 78፣ ጠዋት

ክኒን ዋጥኩ። ሻይ ያለ ስኳር። ከዚያ ወደ ቪዲዮ ካሴቶቹ። ሁለተኛው አለቀ፤ አንድ ይቀራል። በዚህኛው ጋሽ ደምሴ የሆቴል በር ይከፍታሉ፣ ሊፍት ውስጥ ቆመው ቁልፍ ይጫናሉ፣ አንዴም ሐኪም ሆነው አዝናለሁ፣ አልተረፈም ይላሉ። ብቅ ብለው ጥፍት። ግን ንጹሕ ልብስ፣ ቀጥ ያለ አንገት። ያስከብራል።

ለአንተ ገና አልነገርኩህም፣ ማስታወሻዬ። ሰውየው በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው ሆሊውድ የቀሩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል በፊልም፣ በቴሌቪዥን። ስማቸው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ካፖርቱን እያነሳ ሲወጣ። አሁን እዚሁ ከተማችን፣ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። እግራቸው እምቢ ብሏል። ከመስቀል በኋላ የእህታቸው ልጅ ታኮማ ትወስዳቸዋለች። ከዚያ በፊት ማኅበራችን በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ሊያከብራቸው ነው። ከፊልሞቻቸው ተቆራርጦ ይታያል። መራጩ እኔ። መምህር ነህ ተባልኩ።

ካሴቶቹን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ አሉ። «መምህር፣ ነብሩን አደራ።» የምን ነብር ብዬ አልጠየቅኩም። እሺ አልኩ።

ነሐሴ 14፣ ከሰዓት

ነብሩን አየሁት። ምነው ባላየሁት።

የጫካ ፊልም። አንድ ነጭ አዳኝ ግንድ ላይ ታስሯል። ከበሮ። ከጎጆ ብቅ የሚሉት የአገሬው አለቃ ጋሽ ደ. ናቸው። አያቶቻችንም የነብር ቆዳ ለብሰዋል፤ ግን ከሸሚዝና ከሱሪ በላይ። እኚህ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ናቸው። አፍንጫቸው ላይ አጥንት። ጦር እየነቀነቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘልዬ ድምፁን ዘጋሁት። የልጅ ልጄ ሔለን ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሳቀች። መጥረጊያ ይዛ መዝለል ጀመረች። ያ ጓደኛህ ነው ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

አላውቀውም አልኳት።

የቀረውን ድምፁን እንደዘጋሁ ጨረስኩት። አፋቸው ብዙ ይንቀሳቀሳል። የጫካ ቋንቋ ተብሎ የተፈጠረ ጩኸት መሆን አለበት። ለመስማት ድፍረት አልነበረኝም።

ነሐሴ 20

ሊንውድ የሚኖር ወዳጄ ዴኩን፣ የቪዲዮ ማጫወቻውን፣ አዋሰኝ። ሁለቱን ዴኮች አገናኝተን ከልጄ ከሰላም ጋር ስንቀዳ አመሸን። ቅደም ተከተሉን በወረቀት አውጥቼ ነበር፤ መጀመሪያ ሐኪሙ፣ ከዚያ ዳኞች መካከል የተቀመጡበት፣ ከዚያ ሆቴሉ። ነብሩ የለም።

ሰላም አልተዋጠላትም። «ሶ ነብሩን ስኪፕ ልናደርገው ነው? አባዬ፣ ኮል አድርግላቸውና ጠይቃቸው እንጂ።»

ለሳቸው ክብር ነው አልኳት። ሕዝብ ፊት እንዲያ ሆነው አይታዩም። ትከሻዋን ነቅንቃ ማቆሚያውን ተጫነች። በሥራዬ ረካሁ። ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ጳጉሜ 2

ጋሽ ደ. ደወሉ። ሙሉ ልብሳቸውን ላውንደሪ ሰጥተዋል። ነብሩ የሚመጣው መጀመሪያ ነው መጨረሻ? ለማየት ቸኩለዋል። መጨረሻ ቢሆን ይሻላል፣ ሰው ሞቅ ይለዋል አሉ። እናያለን አልኩ። እናያለን! ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ አስቆመው ነበር።

መስከረም 3 ቀን 79፣ ማታ

አሁን ገባሁ። ሳልተኛ ልጻፈው።

የቤ/ክ አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ደ. ከፊት፣ ከረባት አስረው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። መብራት ጠፋ። ሐኪሙ፤ ጭብጨባ። ዳኛው፤ ጭብጨባ። ከዚያ የሆቴል በር። ሊፍት። ሌላ በር። የመኪና በር። ቤት ሳየው አንድም ቀን አልታየኝም፤ ልብሱ ንጹሕ የሆነበትን ሁሉ ስለቅም በር ብቻ ለቅሜያለሁ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ሰውየው ዘበኛ ነበሩ እንዴ?» አለ። ሳቅ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ካሴቱ አለቀ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግራጫ በረዶ። አንዲት ሴት «ይኸው ነው?» አለች፤ በክፋት አይደለም።

ጋሽ ደ. ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲህ አሜሪካን በሩን ከፍቼ ያስገባኋችሁ እኔ ነኝ፤ አመስግኑኝ» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ሲቀመጡ ፊታቸውን አየሁት። ባላየሁት።

በመኪና ሸኘኋቸው። ደጃቸው ስንደርስ፣

«መምህር፣ ነብሬን ምን አደረጉብኝ?»

ጊዜ አጠረን አልኩ። ውሸት።

«ድምፁን ግን ሰምተውታል?»

ሰምቻለሁ አልኩ። ሁለተኛ ውሸት፣ በአንድ ትንፋሽ።

«ሰምተው ነው የተዉት?» አሉ። በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ።

መስከረም 4፣ እሑድ

ቤ/ክ አልሄድኩም። ሰላምና ሔለን ሄዱ። ሦስተኛውን ካሴት ከተትኩ፤ ድምፁን ከፈትኩ።

ከበሮ። ጎጆ። ጦሩ ተነቀነቀ። አለቃው አፉን ከፈተ። አማርኛ ነው። የጎጃም ለዛ ያለው ጥርት ያለ አማርኛ! ቃል በቃል ልጻፍልህ፦

«እታለም! ደምሴ ነኝ! አልሞትኩም! ይህን ልብስ አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ የነሱ ነው፣ ማታ እመልሰዋለሁ! ሰው በላ አልሆንኩም፣ እንቁላል ነው የምበላው! የቀበናውን ቦታ ለአጎታችን እንዳትፈርሚለት! ሰምተሻል? እንዳትፈርሚ!»

ጦረኞቹም በአንድ ድምፅ «ሆ!» አሉ። የታሰረው አዳኝ ላብ አጠመቀው።

ብቻዬን ሳቅሁ። ጎኔን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ እንዴት እንዳቆመ አላውቅም። ልብሱ የነሱ ነው፣ ማታ እመልሰዋለሁ። እኔ ያፈርኩበትን እሳቸው ያኔውኑ መልስ ሰጥተውበታል፣ ጮክ ብለው፣ በገዛ ቋንቋዬ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሊሰማው የሚችለው፣ ከሠላሳ ዓመት ሥራቸው የራሳቸው የሆነው አንዱ ንግግር ይህ ነበር። ለክብራቸው ብዬ እሱን ቆረጥኩ፤ በሩን ተውኩላቸው።

ስልኩን ሁለቴ አንሥቼ መለስኩት።

መስከረም 5፣ ቀትር

ደወልኩ። ድምፁን ዘግቼ እንዳየሁት፣ ስንቀዳም እንዳልከፈትኩት ነገርኳቸው። በራቁትነትዎ ስላፈርኩ ነው አልኩ። የእሳቸው ቴሌቪዥን በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«አሁንስ ሰሙ?»

«ሰማሁ፣ ጋሽ ደምሴ። እህትዎ አዩት?»

«አየችው። ሲኒማ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ነው አሉ ያጨበጨበው። ፊልሙ አዲስ አበባ እስኪደርስ ግን ሁለት ዓመት ፈጀ።» ሳል። «ፈርማለታለች።»

ሳቁ። እኔ አልቻልኩም።

ይቅርታ ስላቸው «መምህር፣ ይሄን ለኔ አይንገሩ፣ በር ከፋች ላሉኝ ይንገሩልኝ» አሉ። ስልኩን ዘጉ።

መስከረም 6፣ ከሰዓት

ቆረጥኩ። የማኅበሩን ሊቀ መንበር አነጋገርኩ። የመስቀል ዕለት ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው። ጋሽ ደ. ታኮማ ከመሄዳቸው በፊት። ነብሩ ሳይቆረጥ ይታያል። ከመታየቱ በፊት እኔ ቆሜ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ያፈርኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። የጊዜ ማነስ የሚለው አይነሣም። ንግግሩን አልጽፈውም፤ ከጻፍኩት አሳምረዋለሁ።

ለዛሬ ግን እዚህ ቤት የሚቀር አለ። ሔለን ከት/ቤት መጣች፤ ቦርሳዋን ወረወረች። ጠራኋት። ካሴቱን ከተትኩ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ከበሮው ጀመረ። ቁጭ በይ፣ የሚሉትን እተረጉምልሻለሁ አልኳት። መጥረጊያውን አላነሣችም። አጠገቤ ተቀምጣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም አዎ፣ ጓደኛዬ ናቸው አልኳት።