በአቶ ሙላቴ ደጅ የሚያልፈው መንገድ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለመሪጌታ አስረስ፤
ነገሌ ቦረና።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? ማኅሌት ቆመው ባደሩ ማግስት አሁንም ያብጣል ወይስ የቦረና ሙቀት አሻለልዎ? እማዬስ ደህና ናት? ወገቧን ያመኛል ማለቱን ተወችው ወይስ እንደ ልማዷ ለእኔ እንዳይነገር ከልክላችሁ ነው? ቃለአብ ለፈተናው እየተዘጋጀ ነው? አመተማርያምስ ቁመቷ ደረሰብኝ ወይ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ከብርዱ በቀር የማማርረው ነገር የለኝም። የደብረ ታቦርን የታኅሣሥ ጠዋት ያውቁታል፤ ጠመኔ የሚይዙት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይደርሳል።

በመስከረም የጻፉልኝ ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል። በስልክ ልመልስልዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል መስመሩ ተቆረጠ። ደግሞም የምነግርዎ ነገር በሩጫ የሚነገር አይደለም። እጄ ቸኩሎ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ የሚያስቸኩለኝ ደስታ ነው።

በደብዳቤዎ «ልጄ፣ ከእስረኛ መሀል መዋል ምን ይበጅሻል? ዝውውር ጠይቂና እንደ ሰዉ ከተማሪ ጋር ዋዪ» ብለውኝ ነበር። ቃልዎን አክብሬ ጠየቅሁ። ዝውውሩም ወጣልኝ፤ ሐሙሲት፣ ከመኪና መንገዱ ዳር ያለ ጥሩ ትምህርት ቤት። አልሄድኩም። እንዳይቆጡኝ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትዎ።

እንደሚያውቁት በማረሚያ ቤቱ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የተሰጠኝ ክፍል መፈቻቸው የተቃረበ ወጣቶች ክፍል ነው። ዐሥራ አራት ናቸው፤ ትልቁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ወደየቤታቸው ለመመለስ እንዳዘጋጃቸው ታዘዝኩ፤ እንዴት እንደሚዘጋጁ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናም መስከረም መጨረሻ ላይ «ተፈትቼ መንደሬ የምገባበት ቀን» የሚል ድርሰት ጻፉ አልኳቸው። ጻፉ። በሁሉም ድርሰት እናት እልል ትላለች፣ በሁሉም ድርሰት ዶሮ ይታረዳል። የበደለውን ሰው ስም ያነሳ ግን አንድም አልነበረም። ዘውዱ የሚባለው ልጅ ደግሞ ባዶ ወረቀት ሰጠኝ።

ዘውዱ ከጋፋት ወዲያ ካለች ትንሽ መንደር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። አሁን ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሲገባ ዐሥራ ሰባት ነበር። አባቱና ጎረቤታቸው አቶ ሙላቴ በእርሻ ድንበር ይካሰሱ ነበር። አባቱ በተረቱበት ሰሞን፣ በኅዳር ሚካኤል፣ መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት እኩለ ቀን፣ ዘውዱ የአቶ ሙላቴን የገብስ ክምር በክብሪት ለኮሰው። ነፋስ ነበር። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ታቦቱ ሳይገባ አመድ ሆነ። አራት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። እሱ ታስሮ ሳለ አባቱ አረፉ፤ እናቱ እማማ ዘነበች ብቻቸውን ቀሩ።

ለምን እንዳልጻፈ ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ቲቸር፣ ወደ መንደራችን ሲገባ መጀመሪያ የሚገኘው የአቶ ሙላቴ ደጅ ነው። ሌላ መንገድ የለም። እኔ በዚያ ደጅ ማለፍ አልችልም። ታዲያ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?» አለኝ።

ያ ንግግሩ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። በማግስቱ ክፍል ስገባ አግዳሚ ወንበሮቹን አስነሳኋቸው። ይህኛው ወንዙ፣ ያኛው የእናትህ ቤት፣ ሰሌዳው ሥር ያለው ደግሞ የአቶ ሙላቴ ደጅ ይሁን አልኩት። አቶ ሙላቴን የሚሆን ሰው ስፈልግ ደረጄ ከኋላ ዘሎ ተነሳ። ደረጄ የከተማችን ልጅ ነው፤ የሰው ባጃጅ ይዞ ጠፍቶ ነው የታሰረው። ያየውን ሰው ሁሉ መምሰል ይችልበታል። ጋቢውን አጣፍቶ፣ የክፍሉን መጥረጊያ እንደ ዱላ ተመርኩዞ፣ «ማነህ አንተ? ደግሞ ምን ልታቃጥል መጣህ?» ብሎ ሲያንባርቅ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ዘውዱ ግን አልሳቀም። ወንዝ ካልነው ወንበር አላለፈም። ደረጄ መሆኑን እያወቀ እግሩ አልታዘዝ አለው።

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ መለማመጃ አደረግነው። የድሮ ጓደኛህ ጠላ ቤት ቆሞ ቢጠራህ ምን ትለዋለህ? ሕፃን ልጅ «እስረኛው መጣ» ብሎ ቢጮህብህስ? እናትህ ብታለቅስስ? የክፍላችን ኃላፊ ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ሳቃችንን ሰምተው መጡና «ትምህርት ነው ጨዋታ?» አሉኝ። ሁለቱንም ነው አልኳቸው። ሁለት ቀን በር ላይ ቆመው አዩ። በሦስተኛው ቀን የዘውዱን እናት የሆነው ልጅ እያለቀሰ ሳቁ ቢያመልጠው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «እናት እንዲህ አታለቅስም፣ ተነስ» ብለው ነጠላ ተከናንበው ከነዩኒፎርማቸው ተቀመጡ። አባቴ፣ ያን ጊዜ ቢያዩን! ዘውዱ እግራቸው ላይ ሲወድቅ ሴትዮዋ የምር አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቱ ሲደርስ ቀድመውኝ ይገኛሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ዘውዱ ወንዙን ተሻግሮ ደጁ ደረሰ። ንግግርም አዘጋጀ። «አቶ ሙላቴ፣ ወጣትነትና ሰይጣን አሳስተውኝ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩኝ» የሚል። እኔም ሰዋስዉን አረምኩለት። በጣም ያማረ ንግግር መስሎኝ ነበር።

እውነተኛው አቶ ሙላቴ ግን አልለዘቡም። በኢንስፔክተሯ አማካይነት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተላከባቸው፤ የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ ይሻው፣ ራሳቸው ሄደዋል። ሁለቱንም ጊዜ «ልጁ ቢመጣ እኔ አልነካውም፤ ለልጆቼ ግን ዋስ አልሆንም» ነበር መልሳቸው። ሦስት ጎረምሳ ልጆች አሏቸው። ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ዘውዱ ደግሞ በአመክሮ የሚፈታው ኅዳር ዐሥራ አምስት ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ በመድኃኔ ዓለም ማግስት፣ ደረጄ መጥረጊያውን እየነቀነቀ «ከደጄ ጥፋ!» ሲል፣ አንድ ረዘም ያሉ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው አየሁ። ከኋላቸው ቄስ ይሻውና ኢንስፔክተሯ ነበሩ። ማን እንደሆኑ ያወቅሁት ከዘውዱ ፊት ነው፤ ደሙ ሁሉ ሸሸ። አቶ ሙላቴን «ልጁን ራስዎ ይጠይቁት» ብለው አግባብተው ያመጧቸው ቄስ ይሻው መሆናቸውን ኋላ ነው የሰማሁት። ደረጄ ጀርባውን ስለሰጠ አላየምና ጩኸቱን ቀጠለ። ሽማግሌው እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙትና፣ «እኔ እንኳ እንዲህ አልጮህም» አሉ።

የሳቀ የለም። ደረጄ መጥረጊያውን የሚያደርግበት ጠፍቶት ለአቶ ሙላቴ ሰጣቸው። እሳቸውም ተቀብለው ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ተቀመጡና ዘውዱን «እስኪ ያዘጋጀኸውን ተናገር» አሉት። ዘውዱ «ወጣትነትና ሰይጣን...» ብሎ ሲጀምር እጃቸውን አነሱ። «ሰይጣንን ተወው፤ የእኔ ጎረቤት አንተ ነህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከክምሩ ጀርባ ጊደሬ ታስራ ነበር። ፍርድ ቤት ቆመህ አላየኋትም ብለሃል። አይተሃታል ወይስ አላየሃትም?»

አባቴ፣ ይህን ጥያቄ አልተለማመድነውም ነበር። ስለ ጊደሪቱ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ዘውዱ ዞሮ እኔን አየኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አላየሁም ቢል ብዬ ተመኘሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ሰውዬውም ለዝበው ይመለሳሉ ብዬ አሰብኩ። አፍሬ ፊቴን ወደ ሰሌዳው መለስኩ።

«አይቻታለሁ» አለ ዘውዱ። ድምፁ ለመሰማት ያህል ብቻ ነበር። «ገመዷን ልፈታ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ሰው ሲስል የሰማሁ መሰለኝና ሮጥኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ ስትጮህ ሰማኋት። አልተመለስኩም።»

አቶ ሙላቴ ተነሡ፣ ለእኔ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ወጡ። ቄስ ይሻው ተከተሏቸው። ዘውዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ብዋሽ ይሻለኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ የሐሙሲቱን ዝውውር ፈረምኩ። አባቴ ልክ ነበሩ አልኩ። የሰው ልጅ ሕይወት ይዤ በወንበርና በመጥረጊያ የምጫወት እኔ ማን ነኝ አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ቄስ ይሻው አቧራቸውን ሳያራግፉ መጡ። ፈገግታቸውን ከሩቅ አይቼ ሮጬ ተቀበልኳቸው። አቶ ሙላቴ ሦስት ቀን ከሰው ሳይነጋገሩ ሰንብተው በአራተኛው ቀን ልጆቻቸውን ሰብስበው እንዲህ አሏቸው አሉኝ፤ «ጭሱን አይቼ ከቤተ ክርስቲያን ሮጬ ስደርስ ጊደሯ ገና ትጮህ ነበር። ይኼን ሁሉ ዓመት ያንን ድምፅ የምሰማ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ሲሰማው ኖሯል። ቢዋሸኝ ኖሮ በደጄ ባላሳለፍኩት። አሁን የሚነካው ሰው እኔን ነው የሚነካ።» ካሳም አልፈልግም አሉ። የዘንድሮውን ጤፍ ከልጆቻቸው ጋር እንዲያጭድላቸው፣ በቃ ይኸው ነው የጠየቁት።

እልል አልኩ አባቴ! በማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ በዘበኞቹ ፊት! ኢንስፔክተሯ «ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» እያሉ እሳቸውም ተቀበሉኝ።

ኅዳር ዐሥራ አምስት ቀን ዘውዱን ይዘን ሄድን፤ እኔ፣ ኢንስፔክተሯና ቄስ ይሻው። ጾም የሚገባበት ቀን ስለነበር የድርሰቱ ዶሮ ሁሉ ቀረ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመና «ወንበሩ ይቀል ነበር» አለ። ከዳሩ ድንጋይ አነሳ፤ እንደ አገራችን ወግ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ደጁ ሄደ። አቶ ሙላቴ ወጥተው ሲጠብቁት ነበር። ማንንም ሳያስቀድሙ በገዛ እጃቸው ድንጋዩን አወረዱለት። ቄስ ይሻው ጸሎት አደረሱ። የአቶ ሙላቴ ታላቅ ልጅ ብርሃኑ ግን እጁን አጣምሮ ከበረቱ አጥር ራቅ ብሎ እንደቆመ ቀረ፤ ይህንንም ልሰውርዎ አልፈልግም።

እማማ ዘነበችም እንደ ኢንስፔክተሯ አላለቀሱም። የልጃቸውን እጅ ይዘው መዳፉን ገልብጠው አዩና፣ «ለስልሷል። በዚህ እጅ እንዴት ታጭዳለህ?» አሉት። ኢንስፔክተሯ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄንን እኔም አላወቅኩበትም» አሉኝ።

አጨዳው ባለፈው ሳምንት አልቋል። ቄስ ይሻው እንደነገሩኝ ብርሃኑ ሁለት ቀን ሙሉ ከዘውዱ ጎን እያጨደ አላናገረውም። በሦስተኛው ቀን የዘውዱ ማጭድ ቢዶለዱምበት የራሱን ወርወር አድርጎ ሰጠው። ገና አልተጨዋወቱም። ጤፉን ግን አብረው ከምረውታል።

እኔም ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተመልሼ ዝውውሬ ይሰረዝልኝ አልኩ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ «ሰው ከእስር ቤት ለመውጣት ይለምናል፣ አንቺ ለመግባት ትለምኛለሽ?» አለችኝ። ሰረዘችልኝ።

አባቴ፣ እርስዎን ተላልፌ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ከጉባኤዎ ዳር ተቀምጬ አይዎት ነበር። ዜማው የጠፋበትን ተማሪ አንድም ቀን ሲያባርሩ አላየሁም፤ «ከላይ ጀምር» ይሉታል፣ እሱም እስኪያገኘው ድረስ አብረውት ይቆማሉ። እኔም የያዝኩት ሥራ ይህንኑ ይመስለኛል። ቅር ካልዎት ይጻፉልኝ፤ ካልከፋዎት ግን ይመርቁኝ።

አሁን ተረኛው ደረጄ ነው። ባለባጃጁ ማክሰኞ ሊመጡ ፈቃደኛ ሆነዋል። ሰውን ሁሉ ሲመስል የኖረ ልጅ፣ ትናንት ምግቡን ትቶ መጣና «ቲቸር፣ እኔን ማን ይሁንልኝ?» አለኝ። ማንም አይሆንልህም፣ ራስህ ነህ የምትቀመጠው አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ጠፋው። ከዚያ መጥረጊያውን አንስቶ ክፍሉን ጠረገና ለባለባጃጁ የሚሆን ወንበር መርጦ አቧራውን በእጅጌው ወለወለው።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ወገቧን ትጠንቀቅ። ቃለአብ ከስልኩ ቀና ብሎ መጽሐፉን ይይ። አመተማርያምን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ቁመቷንም በሩ መቃን ላይ ለክታ ትጻፍልኝ። በጉባኤዎ ላሉት ደቀ መዛሙርት ሁሉ፣ በተለይ ውሃ ለሚቀዳልዎ ለገብረእግዚአብሔር፣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእርስዎ ጉልበት ደግሞ ጌታ ብርታት ይስጥልኝ፤ መጪው ልደት ነውና ሌሊቱን ሙሉ እንደማይቀመጡ አውቃለሁ።

የምትወድዎትና ምርቃትዎን የምትጠብቅ ልጅዎ፣
ዮርዳኖስ አስረስ

ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.