የእታበባ ጥቁር ቀይ ዘር

ሚያዝያ 9
ዛሬ ዘራሁ። ከመድኃኒት ቤቱ ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ አለቃዬ ቀና ብሎም አላየኝ። ጓሮ፣ ግንቡ ሥር፣ አፈሩን ገለባበጥኩት። ሃያ ስድስት ፍሬ የሱፍ አበባ። አንድ የጣት አንጓ ጥልቀት፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር።

የእታበባ ዘር ነው። ታላቅ እህቴ፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጣም የጠቆረውን አበባ እየመረጠች፣ ከእሱ ብቻ ዘር እየያዘች፣ ቢጫውን ጥቁር ቀይ አደረገችው። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ጀምሮ እኔ ጋ ናት። ክፍሏ በመንገድ በኩል ነው፤ ጓሮው አይታያትም።

"ሁሉንም እንዳትዘሪው፤ ስድስቱን አስቀሪ" ብላኝ ነበር። ሁሉንም ዘራሁት። ስድስት ፍሬ ምን ይሠራል ብዬ...

ሚያዝያ 18
በቀለ። ሃያ ሦስቱ። ስነግራት በደህናው እጇ እጄን ጭብጥ አደረገችው። ቀንድ አውጣ ሳይደርስበት ዙሪያውን አመድ ነስንሺበት አለችኝ። ነገ።

ሚያዝያ 20
ዝናብ። አመዱ... ነገ።

ሚያዝያ 21
አንድም የለም። የተበጠሰ ክር የመሰሉ ጉቶዎች ብቻ። የቀንድ አውጣው ዱካ ግንቡ ላይ ያብረቀርቃል። አመዱ በሩ ሥር፣ በከረጢቱ እንዳለ ነው።

ልነግራት ገባሁ። "ልጆቼ እንዴት አደሩ?" አለችኝ። ደህና ናቸው አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ።

ሚያዝያ 23
ከዘር መሸጫው አንድ ፓኬት ገዛሁ። ሻጯ ዘሩን አሞገሰችልኝ፦ ለአበባ ማስቀመጫ የተዘጋጀ ነው፣ የአበባ ዱቄት ስለሌለው ጠረጴዛ አያቆሽሽም፣ ከእሱ ዘር ግን እንዳትጠብቂ። ሥዕሉ ላይ ቢጫ ነው፤ የቅቤ ቢጫ። እዚያው ቦታ ዘራሁት። አመድም ነሰነስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ...

ግንቦት 14
በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ምን ያህል አደገ? ስንት ቅጠል አወጣ? እመልሳለሁ፤ ቁጥሩ እውነት ነው። ዛሬ ግን "ግንዱ ወይን ጠጅ መልክ ያዘ?" አለች። ያዘ አልኩ። አረንጓዴ ነው። ሰላጣ የመሰለ አረንጓዴ።

ግንቦት 29
ምሳዋን አስቀምጬ ቶሎ እወጣለሁ። ፀጉሯን ማበጠር ትቻለሁ፤ ልትንከባከባት የምትመጣው ነርስ ታበጥርላታለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ሥራ በዛብሽ? ትላለች። በዛብኝ እላለሁ። የቱ ሥራ? ጓሮ ወጥቼ ባልዲ ላይ ቁጭ እላለሁ።

ሰኔ 12
እምቡጥ ያዘ። የመጀመሪያውን ለእኔ ብላለች። በጠዋት ቁረጪው አለች፤ የአበባው ቅጠሎች ከመሃሉ ብድግ ማለት ሲጀምሩ፣ ሙሉ ለሙሉ ሳይዘረጉ። አሥር ቀን ቢቀረው ነው። ምን አባቴ ይሻለኛል? ግንዱን ቀይ ቀለም ውሃ ውስጥ ብነክረው... እስከዚህ ድረስ ወረድኩ?

ሰኔ 21
ነገርኳት።

በጠዋት ቆረጥኩት፤ የታችኛውን ቅጠል መለመልኩና ይዤው ገባሁ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቢጫውን አየች፣ እኔን አየች። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ አመዱን፣ ስድስቱን ፍሬ፣ ፓኬቱን፣ የግንዱን ነገር።

"ሁለት ወር ፊትሽን ያዞርሽብኝ ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

"የሰለቸሁሽ መስሎኝ ወንድማችንን ውሰደኝ ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ይመጣል።"

የገደልኩት ዘር ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ... አትሂጂብኝ አልኳት። ዘሩስ ይቅር፣ ቀን በቀን መዋሸትሽ ግን... አለችና ሳትጨርሰው ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሰኔ 23
ልብሷን ሳጣጥፍ ዋልኩ። ፊቷን ከግድግዳው አልመለሰችም። ማበጠሪያውን ሳነሳ ግን ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገችልኝ።

ሰኔ 24፣ ቅዳሜ
ወንድማችን መጣ። ሻንጣዋን አንስቶ ወደ መኪናው ሲል፣ መጀመሪያ ጓሮ አውጡኝ አለች። ከነወንበሯ ለሁለት ተሸከምናት።

ሃያ የሚሆኑ ናቸው፤ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም እኩል። አንድ በአንድ አየቻቸው። "አሥራ አንድ ዓመት" አለች፣ ለራሷ። አለቀሰች። እናታችን ስትቀበር እንኳ ስታለቅስ አላየኋትም፤ እኔን አዝላ ነበር የቆመችው። ወንድማችን ግራ ገብቶት ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ድጋፍ እንጨት የሌላቸው ለምንድን ነው? ነፋስ ሊጥላቸው ነው አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞር ብላ ሻንጣውን መልሰው አለችው። ደስታዬን ፊቴ ላይ ሳታነበው አልቀረችም።

"ይቅር አላልኩሽም" አለችኝ። "ግን እሱ ቤት ሄጄ ማንን ልቆጣ?"

ሐምሌ 6
አልጋዋን ወደ ጓሮው መስኮት አዛወርነው። ዛሬ ለማስቀመጫው ስቆርጥ ተጣድፌ ሁለት ግንድ ሰበርኩ፤ ገና ያልፈኩትን። እጄን ሳልታጠብ ገብቼ ነገርኳት። አጭር አድርገሽ ብርጭቆ ውስጥ ክተቻቸው፣ ምናልባት ይፈኩ ይሆናል አለች። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

"ሌላስ?"

"የለም" አልኩ።

አልነበረም።