ፍሬን የማይለቀው ወንድሜ

አንትዬ፣ ሳቄ ሳያልቅ ልጻፍልሽ።

ዛሬ እዚህ ሽቱትጋርት የወንድሜ የሃርትሙት ልጅ ሰርግ ነውና፣ ጠዋት የሙሽራዋን መኪና ይዘን አውቶማቲኩ ላቫጆ ገባን። መኪናውን ከማርሽ አውጥተሽ፣ መሪውንም ፍሬኑንም ለቀሽ ትቀመጫለሽ፤ ወለሉ ላይ ያለው ብረት ጎማውን እየገፋ በአረፋው፣ በብሩሹና በማድረቂያው ስር ያሳልፍሻል።

ሃርትሙት ግን ዕድሜውን ሙሉ መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ እግሩ ከፍሬን አይርቅም። ግዙፉ ብሩሽ እየተሽከረከረ ሲመጣበት ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ያዘው! ጎማው ከብረቱ አመለጠ፣ መስመሩ በሙሉ ቆመ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን አንባረቀው።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ቅድሚያ ሳይሰጠኝ ገባብኛ!»

ወዲያው የላቫጆው ሠራተኛ በድምጽ ማጉያ፣ «አስተማሪዬ፣ ስቬንያ ነኝ፣ የድሮ ተማሪዎ! ያለ ምክንያት ፍሬን የያዘ ወደቀ አላሉኝም ነበር? ወድቀዋል! እስቲ እንደገና!» አለችው።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጫማውን አውልቆ፣ ሁለት እግሩን ወንበሩ ላይ አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። በዚያኛው ጫፍ ስንወጣ «አልፈዋል!» የሚል ድምጽ ተከተለን።

እኛ ደሴት ላይ መኪና ባይኖርም፣ ያንቺ ፈረስ ፍሪዳ ባልዲና ብሩሽ ስታይ አራት እግሯን ተክላ አልነቃነቅም የምትለው ትዝ ብሎኝ በሳቅ ሞትኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ለእናትሽና ለልጆቹ ሰላም በይልኝ። ፍሪዳንም ወንድምሽ ተገኘ በያት፤ እሱ ግን በመጨረሻ ታጥቧል።

ቪብከ