ይሉኝታ የሌላት ጠበቃና የአባዬ ሲንጀር

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለሐምርዬ ይድረስ፣

እንደምን ሰነበትሽ ሐምርዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስትነሺ ይይዝሻል? ግርማ ሥራው እንዴት ይዞታል? ኖህስ አደገ? በፎቶው ላይ ጥርሱ ወልቋል፣ በጣም ነው ያሳቀኝ። ጎረቤትሽ እትዬ ኤልፍነሽስ ደህና ናቸው? ናዝሬት መብራቱ አሁንም እየሄደ እየመጣ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም። ተቻኩዬ ስለምጽፍ ጽሑፌ ቢጣመም አትሳቂብኝ። ደስታም ነው፣ ፍርሃትም ነው፣ ሁለቱ ተደባልቀውብኛል።

ሐምርዬ ሲንጀሩ ያንቺ ሆነ! የአባዬ የእግር ሲንጀር! ስለ እውነት ነው የምልሽ፣ ተፈትቶ ታስሮ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሏል፣ እየነካሁት ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ደግሞ ወድጄ አይደለም፣ በደወልኩ ቁጥር ላውድ ላይ ታደርጊውና እትዬ ኤልፍነሽ እያንዳንዷን ቃል ይሰማሉ። እሳቸው ከሰሙ እቃው ገና መርከብ ሳይሳፈር "እስቲ ለሳምንት አውሺኝ" ይሉሻል። ብረት ድስትሽ እንደሄደ አልቀረም? ትልቁ ጃንጥላስ? ስለዚህ ደብዳቤውን በሰው እጅ ላክሁልሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፣ በሩንም ዝጊ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ አለበለዚያ ይምታታብሻል። አባዬ የሞተ ሰሞን ለቅሶ የተቀመጥነው እዚሁ አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ቤታችን ነው። ከሮተርዳሙም ከዴንሃጉም ሰው መጣ፣ ጫማው ኮሪደሩን ሞልቶ እስከ ሊፍቱ ደረሰ፣ ከታች ያለችው ሞሮካዊት እንኳ በትልቅ ድስት ሾርባ ይዛ መጥታ አብራን አለቀሰች። ጋሼ አዘዘም ከሮተርዳም መጡ። አባዬ ሁሌ የሚያወራልሽ፣ ጥገኝነት ሲጠይቁ ካምፕ ውስጥ አብረው የነበሩት ጓደኛው ናቸው። እሳቸው ሲንጀሩን ተደግፈው "ወርቄ፣ ስንቱን ሱሪዬን አሳጠርክልኝ፣ ይሄን ባየሁ ቁጥር አንተን ያየሁ ይመስለኛል" እያሉ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔ ታዲያ ምን ልበል? ሰው ሁሉ እኔን ያያል። "ይውሰዱት ጋሼ፣ ለማስታወሻ" አልኳቸው። "ኧረ በፍጹም" አሉኝ። "ግድ የለም ይውሰዱት" አልኳቸው። "ኧረ ተይ ልጄ" አሉኝ። "እምቢ ካሉኝ እቀየማለሁ" ስላቸው በማግስቱ ጎረምሶች ይዘው መጥተው እያቃሰቱ አወረዱት። እኔም ደግ ነገር የሰራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከአርባው በኋላ ከዴንሃግ ደብዳቤ መጣ። አባዬ ለካ ኑዛዜ አድርጓል! ኑዛዜውን የሚያስፈጽሙት ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ አንቺም አይደለሽም፣ ጋሼ አዘዘም አይደሉም፣ ጠበቆች ናቸው! የማያውቁን ፈረንጆች! ደብዳቤው ከቤቱ ምንም ነገር እንዳታወጪ ይላል፣ የሟቹን እቃ ከሸጥሽ ወይ ለሰው ከሰጠሽ እዳው ወዳንቺ ሊዞር ይችላል ይላል። ያ ሁሉ ብረት ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል እኮ! ፖሊስ ሲያንኳኳ ይታየኝ ጀመር፣ ፖስተኛው ሲደውል እንኳ መጋረጃ ጀርባ እደበቅ ነበር። በዛ ላይ ቤተክርስቲያን አንዷ፣ እኔ እየሰማኋት፣ "ልጁን ቢያምናት መች ጠበቃ ይሾም ነበር" አለች። ሐምርዬ እሱ ነው የገደለኝ። እህል በአፌ አልዞር አለ። እውነት አባዬ አላመነኝም ይሆን እያልኩ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ አንሶላው ላይ አለቅስ ነበር።

ቀጠሮው ደርሶ ዴንሃግ ቢሯቸው ሄድኩ። ጉዳያችንን የያዘችው ሜቭራው ሆክስትራ ትባላለች፣ ሜቭራው እዚህ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ረጅም ናት፣ ሽበታም፣ ስታወራ ፊቷ አይፈታም። አስተርጓሚ በስልክ አስገብታ "በጣም ትንሽ ውርስ ነው" አለችኝ፣ እንደዛው ፊት ለፊት! ባንክ ያለችው ለቀብሩና ለቤት ኪራዩ ትሄዳለች፣ ከሱ ከተረፈ ለሁለታችሁ እኩል፣ ብስክሌቱና ቴሌቪዥኑ ላንቺ አለችኝ። ቀጥላ ምን አነበበች መሰለሽ? "የእግር ሲንጀሩ ናዝሬት ላለችው ለትልቋ ልጄ ለሐምራዊት። መብራት ሲጠፋ ሥራዋ እንዳይቆም።" አባዬ እኔን ሲያስመጣኝ አንቺን አስራ ስምንት አልፏታል ብለው የከለከሉት ጊዜ ነው ለካ የገዛው፣ ላንቺ ብሎ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ሱሪ እያሳጠረበት ላንቺ ነበር ያስቀመጠው። እኔ ደግሞ አንስቼ ለሰው ሰጥቼዋለሁ! ይሄን ግን አልነገርኳትም። "ሐሙስ ቤቱን ላይ እመጣለሁ" ብላ ሸኘችኝ።

በነጋታው ባቡር ይዤ ሮተርዳም ጋሼ አዘዘ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በሩ ሲከፈት ሲንጀሩ ኮሪደሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ የላስቲክ አበባ ተቀምጦበት ቆሟል፣ በጎን ካልሆነ አያሳልፍም። ባለቤታቸው እትዬ ሩሐማ እያነከሱ መጥተው ሳሙኝ። ጋሼ "አየሽ እንዴት እንዳከበርነው?" አሉኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት አፌን ልክፈት? ብዪ ብዪ ተባልኩ፣ በላሁ፣ ስለ አየሩ አወራን፣ ስወጣ በአይስክሬም እቃ ምስር ወጥ ቋጥረው ሰጡኝ። ሲንጀር ላመጣ ሄጄ ምስር ይዤ ተመለስኩ! ባቡሩ ውስጥ እቃውን አቅፌ አለቀስኩ።

ሐሙስ ሜቭራው መጣች። ቁም ሳጥኑን አየች፣ ባልኮኑን አየች፣ ከዛ ሳሎን መሃል ቆማ ወለሉን ታይ ጀመር። ሲንጀሩ የቆመበት ቦታ የላስቲክ ምንጣፉ በአራቱ እግሮች ልክ ጎድጉዷል። "እዚህ ምን ነበር?" አለችኝ። ሐምርዬ መዋሸት አቃተኝ፣ ወለሉ እየመሰከረብኝ ምን ብዬ ልዋሽ? እየተርበተበትኩ በዛች ስብርባሪ ደችኛዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ስጪኝ ብሎ ጠየቀሽ?" አለችኝ። አልጠየቁም አልኳት። "እና ለምን ሰጠሽው?" ስላለቀሱ አልኳት። "እንደሚፈልገው ጠይቀሽዋል?" ሜቭራው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም አልኳት። ትንሽ አየችኝና "ስልክ ቁጥሩን ስጪኝ" አለችኝ። ለመንኳት፣ እጇን ያዝኳት፣ ወይ ፍንክች! እዛው ቆማ ደወለችና እኔም እንድሰማ ላውድ ላይ አደረገችው። እንዴት ሰነበቱ የለ፣ ነፍስ ይማር የለ። "ሚስተር አዘዘ፣ ማሽኑ የእህቷ ነው፣ ትንሳኤ ልትሰጥዎት አትችልም ነበር። ለመሆኑ እርስዎ ይፈልጉታል?" አለቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኔ አለቀልኝ፣ ተቀየሙኝ ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል ከጋሼ ኋላ ምን ተሰማ መሰለሽ? እልልታ! እልልልል! እትዬ ሩሐማ ናቸው! "ልጄ ትንሳኤ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ ውሰጂልኝ፣ እየገጨኝ ጉልበቴን ጨረሰው!" ጋሼ "አንቺ ሴትዮ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል" ይላሉ፣ እሳቸው "ይስማ! እሱ ከመጣ ጀምሮ ሽንት ቤት በጎን ነው የምሄደው!" ይላሉ። ከዛ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ እኔ ያለቀስኩት ለወርቄ ነው እንጂ ለሲንጀሩ አልነበረም። ለቅሶ ላይ የሰጠሽኝን እንዴት ብዬ አልፈልግም ልበልሽ?" አሉኝ። አየሽልኝ? እሳቸው እኔን ላለማስቀየም ተሸከሙት፣ እኔ እሳቸውን ላለማስቀየም ሰጠሁ፣ እትዬ ሩሐማ በመሃል ጉልበታቸው አለቀ! ሜቭራው ምንም ስላልገባት "እሺ ነው እምቢ?" ትለኛለች። እኔ በሳቅና በለቅሶ መሃል እሺ ነው አልኳት።

ስልኩን ዘግታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አባትሽ ቢሮ ሲመጣ ለምን ልጅህን አትሾምም ብዬው ነበር" አለችኝ። አባዬ ምን አላት? "ትንሿ ልጄ ለጠየቃት ትሰጣለች፣ ላልጠየቃትም ትሰጣለች። እኔም እንደሷው ነኝ፣ ጓደኞቼም እንደኛው ናቸው። የማያፍር ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት።" እንዲህ አላት! "ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም" ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሐምርዬ፣ አለማመን አልነበረም። ያቺ የቤተክርስቲያኗ ሴትዮ ያለችው አልነበረም። አውቆን ነው። ድንጋይ ከደረቴ የወረደ ነው የመሰለኝ፣ ሜቭራውን አቀፍኳት፣ እሷም እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ታቀፈችልኝ።

ቅዳሜ ጋሼ አዘዘ እራሳቸው ሲንጀሩን በኪራይ መኪና አመጡት። ዘይት ቀብተውታል፣ መዘውሩን የሚያዞረውን ቺንጋ በአዲስ ቀይረውታል። መርፌው ላይ አባዬ ያስገባው ሰማያዊ ክር እንዳለ ነው፣ ማንም አልነቀለውም፣ እኔም አልነቀልኩትም፣ አንቺ ነሽ የምትጨርሺው። ቤቱን በቅርቡ እናስረክባለን፣ እኔ እዚሁ ኒው ዌስት ሰፈር ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ክፍል አግኝቻለሁና አትጨነቂ። ሲንጀሩ ለገና የሚደርስ መርከብ ላይ ይጫናል፣ በአባዬ ጋቢ ጠቅልዬዋለሁ። ባህሩ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ፣ ጉምሩክ ቢይዘውስ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም፣ በቃ ጸልዪልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ። ሜቭራውን ስለ እትዬ ኤልፍነሽ ነገርኳትና በቢሮዋ ወረቀት ላይ በእጇ ጻፈችልኝ፦ "ይህ ማሽን የሐምራዊት ወርቅአፈራሁ ነው። አይዋስም።" ማህተም አድርጊበት ስላት ማህተም ለእንዲህ ያለ ነገር አይመታም አለችኝ፣ ይሉኝታ የላትም አላልኩሽም? ፊርማዋ ግን ትልቅ ነው፣ ማህተም ይመስላል። መሳቢያው ውስጥ ታገኚዋለሽ።

ግርማን ሰላም በይልኝ፣ ሲንጀሩን ሲያወርድ ብቻውን እንዳያነሳ፣ የእትዬ ሩሐማን ጉልበት አስቢ። ኖህን ጥርሱ የወለቀበት ጋ ሳሚልኝ፣ መርገጫው ላይ ግን እንዳትለቂው። እትዬ ኤልፍነሽንም በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ፣ እወዳቸዋለሁ፣ ታውቂያለሽ። አውሺኝ ካሉሽ ወረቀቱን አሳዪያቸው። ወረቀቱን አይተው ካለቀሱብሽና አንጀትሽ ካልቻለ ግን ቶሎ ደውይልኝና ላውድ ላይ አድርጊኝ። አይሆንም የምላቸው እኔ ነኝ። በሥራ ሰዓትም ቢሆን አነሳዋለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ
ትንሳኤ ወርቅአፈራሁ
አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ
ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.