ጤነኛም እብድም ስለተባለው ውሻችን

ለተከበሩ ዶክተር ያቤፅ
የ«ወርቃማው መዳፍ» የቤት እንስሳት ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም
አምስት ኪሎ

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በእንግዳ መቀበያዎ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ለሚዋኙት ብርቱካናማ ዓሦች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዓሦቹን ለይቼ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። በክሊኒክዎ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሰው ቀርቦ ሲያያቸው የተመለከትኳቸው እንስሳት እነሱ ብቻ ስለሆኑ፣ ጤንነታቸው እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ምብራት ተክለሃይማኖት እባላለሁ። አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ግቢ የምኖር ሴት ነኝ። ያስታውሱኛል ብዬ አልደፍርም። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሃጩ የሚዝረበረብ ቡናማ ውሻ በገመድ ይዛ የምርመራ ክፍልዎ በር ላይ የቆመችው ሴትዮ እኔ ነበርኩ። እርስዎ ከጠረጴዛዎ ኋላ ተቀምጠው ነበር፤ በመካከላችን ያ ሰፊ ምንጣፍ ነበር፤ ምንጣፉን እርስዎም አልተሻገሩት፣ እኛም እንድንሻገረው አልተፈቀደልንም።

ደብዳቤዬን የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይገባው ስለ ውሻው ትንሽ ልናገር። በግቢያችን ሁለት ቤተሰብ እንኖራለን፤ እኔ አለሁ፣ ወይዘሮ መይሙናና ልጆቿ አሉ። የውጭ በራችን አንድ ነው፣ የውኃ ቧንቧችን አንድ ነው፣ ውሻችንም አንድ ነው። ስሙ ግን ሁለት ነው። እኔ ሻምበል እለዋለሁ፣ የመይሙና ልጆች ቡቺ ይሉታል፤ እሱም ምግብ ይዞ ለጠራው ሁሉ ይነሳል። መይሙና ውሻ ቤቷ አታስገባም፣ በእጇም አትነካውም፤ ሆኖም የእሱ ሳህን ሳይሞላ እራት እንዳይቀርብ ያዘዘች እሷ ናት። እኔ ስጾም እነሱ ቤት ሥጋ አያጣም፤ እነሱ ሲጾሙ ምሳውን እኔ ጋ ይበላል። በአራዳ ጾም የሚባል ነገር ደርሶበት የማያውቅ ነዋሪ ቢፈለግ እሱ ነው።

ይህ ውሻ ከሁለት ሳምንት በፊት መብላት አቆመ። ለሃጩ ይወርዳል፣ አፉን በእግሩ ይፍቃል፣ ሌሊት ሌሊት ያቃስታል። ሐኪም ያስፈልገው ነበር፤ እኔም ሐኪም መምረጥ ነበረብኝ። ለራሴ ሲሆን ጎረቤት እጠይቃለሁ፤ ለውሻ ግን ማን ይጠየቃል? የቀድሞ ተማሪዬ ማኅሌት ስልኳን ከፍታ ቲክቶክ ላይ እርስዎን አሳየችኝ። ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ጥጥ የመሰለች ትንሽ ውሻ አቅፈው፣ «እንስሳት ቤተሰቦቻችን ናቸው» ይላሉ፤ ዓይንዎም እንባ አቅርሯል። እኔ ሞኟ አመንኩ። ሐኪም የሚመረጠው በእንባው እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ እርስዎ ከፈቀዱ ደግሞ አድናቆቶቼን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ክሊኒክዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሳንሰር አለው፤ በአሳንሰሩ በር ላይም «እንስሳት ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የእንስሳት ሐኪም ቤት እንስሳት በማይወጡበት አሳንሰር ጫፍ መክፈት የተራ ሰው አእምሮ የሚደርስበት ሐሳብ ስላልሆነ አደነቅሁ። የሕንፃው ጥበቃ የውሻውን የኋላ እግሮች፣ እኔ የፊቶቹን ይዘን ወጣን። ጥበቃው ለዚህ ሥራ ከእርስዎ ደመወዝ እንደማይከፈለው በትሕትና ነግሮኛል።

ሁለተኛ። እንግዳ ተቀባይዎ ወይዘሪት ፍዮሪ ውሻው ምን እንደሚያመው ከመጠየቋ በፊት ዝርያውን ጠየቀችኝ። እኔ የራስን ነገር ማሞገስ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ከጥሩ ወጥ ጋር «ምንም የለም፣ እንዲያው ቅመሱ» እያልኩ የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ በልማዴ «ይቅርታሽን፣ ተራ የሀበሻ ውሻ ነው» አልኳት። ልጅቱ ወዲያው ከሶፋው አስነስታ ኮሪደር ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠችኝ። ይቅርታ የጠየቅሁት በሻምበል ስም መሆኑ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ እሱ ለማንም ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር አልሠራም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ትንሽ መረጋጋት ስለሚያስፈልገኝ አራተኛውን ላስቀድም።

አራተኛ። ዋጋ። «ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ «እንደ እንስሳው ነው» ተባልኩ። «ይኸው እንስሳው» ብዬ ባሳይም «ዶክተር ካዩት በኋላ» ተባልኩ። እርስዎ ከበሩ ወዲያ ካዩኝ በኋላ የካርድ፣ የምክር፣ ያለ ቀጠሮ በመምጣቴም የድንገተኛ ተብሎ ተጠየቅሁ። ጡረተኛ ሰው ውሻ ሲያሳድግ አስቦ ነው፤ እኔና መይሙና ለዓመታዊ ክትባቱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናስቀምጣለን፣ አንድም ዓመት ሳይከተብ አልቀረም። ለእንስሳ ወጪ መዘጋጀት የሚቻለው ግን ሐኪሙ ዋጋውን ሲናገር ነው፤ ደጅ ላይ ያልተጻፈ ዋጋ የሚያየው የገባውን ሰው ኪስ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልመለስ።

ሦስተኛ። ከጠረጴዛዎ ሳይነሱ «ለሃጭ አለው? አይበላም?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልኩ። የክትባት ካርዱን ዘረጋሁልዎት፤ አልተቀበሉኝም። «የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት አምጡትና በመርፌ እናሳርፈዋለን» አሉ። ለማጽናናት ይመስለኛል «ለሀበሻ ውሻ ይህን ያህል ባይደክሙ ይሻላል፣ መንገዱ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ?» ብለው ጨመሩ። ሻምበል በዚህ ጊዜ እግሬ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ስለ እሱ እየተወራ መሆኑን ሳያውቅ ጭራውን አንድ ሁለቴ መታ።

ክቡር ዶክተር፣ እኔ የሕክምና ትምህርት የለኝም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሻው በእርግጥ አብዷል ብለው ካመኑ፣ ልጆች ወዳሉበት ግቢ በእጄ እየጎተትኩ ወስጄ እስከ ቅዳሜ እንዳቆየው እንዴት ፈቀዱ? ለይታችሁ እሰሩት አላሉም። ለሃጩ እጄን አርሶት እያዩ ጤና ጣቢያ ሂጂ አላሉኝም። ካላመኑ ደግሞ ለምን ሞት ፈረዱበት? ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻልዎ እርስዎ ይምረጡ፤ እኔ ለሁለቱም የሚመጥን ቃል በአማርኛ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ አማርኛ ደግሞ ሥራዬ ነበር።

ደረጃውን ወርደን፣ የሚጭነን ታክሲ ስላልነበረ እስከ ቤት በእግራችን ሄድን። መንገዱን በሙሉ አለቀስኩ። አልደብቅም፣ ለውሻ አለቀስኩ።

በራችን ላይ መይሙና አገኘችኝ። «ውይ እትዬ ምብራት፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ወላሂ አይሆንም! ማክሰኞ አብዱልሃሚድ እዚያው ወስዶት ዶክተሩ ምንም የለውም ብሎታል!» አለች።

እዚህ ላይ የእኛን ጥፋትም ልናዘዝ ይገባል። እኔ እህቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ማክሰኞ፣ የመይሙና ትልቅ ልጅ አብዱልሃሚድ ውሻውን ወደ እርስዎ አምጥቶት ነበር። ያልነገሩኝ በጡረታ ገንዘብ እንደምኖር ስለሚያውቁ፣ ወጪውን እንዳልካፈል ብለው ነው። እኔም ሐሙስ ዕለት ሳልነግራቸው የወጣሁት የአብዱልሃሚድ የልብስ ሱቅ ገበያው እንደቀዘቀዘ ስለማውቅ፣ አላስቸግራቸውም ብዬ ነው። እንዲህ ይሉኝታ የሞላበት ግቢ ነው የእኛ። በዚህ ይሉኝታችን የተነሳ አንድ ውሻ በሁለት ቀን ልዩነት፣ በሁለት ስም፣ ለአንድ ሐኪም ቀረበ። ቡናማ ነው፣ ደረቱ ነጭ ነው፣ ግራ ጆሮው ለሁለት ተቀድዷል። ያየው ሰው ሊረሳው አይችልም፤ እርስዎም አልረሱትም፣ አላዩትም እንጂ።

አብዱልሃሚድ ዝርያው ሲጠየቅ ምን እንዳለ ኋላ ነገረን። ነጋዴ ነውና በሕይወቱ ለደንበኛ «ይኼ የአገር ውስጥ ነው» ብሎ አያውቅም። «የጀርመን ሼፐርድ ቅልቅል ነው፣ አባቱ ከኤምባሲ ግቢ ነው» ብሏል። በዚያች ቃል እርስዎ ከወንበርዎ ተነሱ አሉ። ከሶፋው የሚያስነሳውም አልነበረም። ያው ለሃጭ፣ ያው አለመብላት «የስሜት ጭንቀት ነው፣ ዘሩ ስሱ ነው» ተባለ፤ ከውጭ የመጣ ምግብ በከረጢት፣ ቪታሚን በጠርሙስ ተሸጠለት፤ ለገላ እጥበትና ለጥርስ ጽዳትም ቀጠሮ ተያዘለት። የጥርስ ጽዳት ያዘዙለትን ውሻ አፍ ከፍተው አላዩም። ይህን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

የእርስዎ ፍርድ በእኔ አፍ ከግቢያችን ወጥቶ ስለነበር፣ ዓርብ ጠዋት የሰፈር ሰው «እብድ ውሻ አለ» ብሎ ዱላ ይዞ በራችን ላይ ተሰበሰበ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም ልጆች አሏቸው፣ ሐኪም ተናገረ ተብለዋል። አብዱልሃሚድ በሩ ላይ ቆሞ ይማጸናል። ውሻው እግሬ ሥር ተወሽቋል። ያን ጊዜ ውሻ በእጇ ነክታ የማታውቀው መይሙና መጥታ ገመዱን ጨበጠች፤ «እትዬ ተነሽ፣ አብረን እንወስደዋለን፣ እኔ በኋላ እታጠባለሁ» አለች። በሰዎቹ መካከል ይዛው ወጣች፤ ሰዎቹም መንገድ ለቀቁላት። ይህን ስጽፍ እንኳ ዓይኔ ይሞላል፤ የእኔ እንባ ግን ቲክቶክ ላይ አይወጣም።

የወሰድነው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ወደሚሠሩ ሌላ ሐኪም፣ ወደ ዶክተር አዲስአለም ነው። ምድር ቤት ነው፣ ሶፋ የለም፣ ዓሣም የለም። በር ላይ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። ሐኪሟ ስለ ዝርያው አልጠየቁንም። የክትባት ካርዱን አነበቡ፣ ማን ማን ለሃጩን እንደነካ ጠየቁ፣ እኛን ከክፍሉ አስወጥተው ወፍራም ጓንት አጠለቁ፣ ማደንዘዣ ወጉት፣ አፉን ከፈቱ። በላይኛው መንጋጋ ጥርሶቹ መካከል፣ ላንቃው ላይ የበግ አጥንት ተጋድሞ ተሰንቅሯል። በጉጠት አወጡት። ለጥንቃቄ እያየነው እንድንቆይ መከሩን፣ ሒሳቡንም በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ተቀበሉን። ሻምበል ማታውን ሁለት ሳህን በላ፤ አንዱን በሻምበል፣ አንዱን በቡቺ። አጥንቱ የማን ቤት አጥንት እንደሆነ እኔና መይሙና እስካሁን እንከራከራለን፤ የእኔ ቤት እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እንግዲህ ክቡር ዶክተር፣ የሚቀረው አንድ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ለቡቺ እጥበትና የጥርስ ጽዳት፣ ለሻምበል ደግሞ የሞት መርፌ፣ ሁለቱንም ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጥረውልን ነበር። ለአንዱም አልቀረብንም። መቅረታችን እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብን እለምናለሁ፤ የቀረነው ታጥቦ ይሙት ወይስ ሞቶ ይታጠብ የሚለውን በቤታችን መወሰን ስላቃተን ነው።

ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም፤ ለትምህርት የከፈልኩት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ አንድ የሰፈር ልጅ የታመመ ውሻውን በሸክም ሦስተኛ ፎቅ ያወጣልዎታል፤ ዝርያውንም ሲጠየቅ አያውቀውም። ከመፍረድዎ በፊት ምንጣፉን ተሻግረው ይዩለት። ጓንት ከሌለዎት እኔ ገዝቼ እልክልዎታለሁ።

የምንጣፍዎ ንጽሕና ተጠብቆ ይኑር፣ የዓሦችዎ ዕድሜ ይርዘም፣ ከኤምባሲ ግቢ የሚወለዱ ቅልቅሎች ይብዙልዎት እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በማይተናነስ ንቀት፣

ምብራት ተክለሃይማኖት
ጡረተኛ መምህርት፣ የአንድ ተራ የሀበሻ ውሻ ግማሽ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከክሊኒክዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ። «በውድ ሻምበልዎ ዕረፍት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል። አዲስ ቡችላ ሲያሳድጉ የመጀመሪያውን ምርመራ በግማሽ ዋጋ እናደርጋለን» ይላል። ሟቹ በዚያ ሰዓት የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ በመጣ ሰውዬ ላይ እየጮኸ ስለነበር ጮክ ብዬ ላነብለት አልቻልኩም። በሕይወት እያለ ሳያዩት ፈረዱበት፣ ሳይሞትም ሳያዩት አዘኑለት። አለመሞቱን ልነግርዎ ወዲያው መልስ ብጽፍም ቁጥሩ መልስ አይቀበልም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለማውጣት የተገደድኩት በዚሁ ምክንያት ነው።